የአሜሪካ ሬጉሌተር በመርካቶ ሲሊንደር ላይ፦ ለዕፅዋት ገንዳ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስተም መግጠም

ኒዮን120 (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ አካባቢ በምኖርበት ቤት 80 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዓሣ ገንዳ አለኝ፤ አፈሩና ድንጋዩ ሲቀነስ የሚይዘው ውሃ ወደ 105 ሊትር ይጠጋል። 14 ኒዮን ቴትራና 6 ኮሪዶራስ የሚኖሩበት ሲሆን፣ ከዕፅዋት በኩል ሮታላ፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ጥቂት አኑቢያስ፣ እንዲሁም መሬቱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል ተብሎ የተሰጠኝ ሞንቴ ካርሎ ተተክሎበታል። ምንጣፉ ግን እስካሁን ምንጣፍ አልሆነም።

ላለፉት 4 ወራት በሁለት ሊትር ሃይላንድ እርሾና ስኳር እየበጠበጥኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማግኘት ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲንተከተክ ይሰነብትና በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ይጠፋል፤ ይባስ ብሎም አንድ ሌሊት ድፍድፉ በቱቦው ተሻግሮ ገንዳው ውስጥ በመግባቱ፣ ጠዋት ስንነሣ ሳሎኑ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። በዚህ ምክንያት በሲሊንደር የሚሠራውን ሲስተም ለመግጠም ወሰንኩ። ቨርጂኒያ የሚኖረው አማቼ ባለፈው ወር ሲመጣ ሁለት ጌጅ (የግፊት መለኪያ)፣ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ) እና ኒድል ቫልቭ (ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክል) ያለው ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንስ ዕቃ፣ ይዞልኝ መጣ፤ ሲሊንደሩን ደግሞ መርካቶ ካለ አንድ ሻጭ «ሙሉ ነው» ተብዬ ገዛሁት፤ ያገለገለ፣ ባለ 2 ኪሎ ነው።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ ነው። የሬጉሌተሩ ዳዶ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሲደርስ ጫፉ ላይ ይቆማል፤ አንድ ዙር እንኳ አይሄድም። አንድ ሰው ዳዶውን ቶርኖ ቤት ወስጄ ክሩን እንዳሰፋው መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ ይህን ሁሉ ትቼ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ እንድገዛና እሱን እንድጠቀም ነገረኝ። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ የአሜሪካ ዕቃ በእኛ መብራት ይሠራል? ጋዙስ በምን ያህል መጠን ይጀመራል? በመጨረሻም፣ እናቴ የሚተኙት ገንዳው ባለበት ሳሎን ስለሆነ «ይህ የተቃጠለ አየር እንደ ከሰል ጭስ አይገድለንም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ የሚያሳምን መልስ አጥቼ ዝም ብያለሁ።

የራይን ዳር (ጀርመን)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕቃዎ ምንም አልሆነም፤ የማይጋቡ የሁለት አገሮች ክሮችን ለማጋባት እየሞከሩ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያገለግለው መገጣጠሚያ ሲ ጂ ኤ 320 ይባላል፤ የክሩ ዲያሜትር 0.825 ኢንች፣ ማለትም 20.96 ሚሊ ሜትር ነው። በጀርመንና በሌሎች በርካታ የአውሮፓ አገሮች ያለው ግን ደብልዩ 21.8 የሚባለው ሲሆን ዲያሜትሩ 21.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው በዓይን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የእርስዎን ሲሊንደር አላየሁትምና በካሊፐር ይለኩት፤ የቫልቩ የውጭ ክር 22 አካባቢ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። እርስዎ ዘንድ ባይገባ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም አደገኛው ተቃራኒው ነው። የአውሮፓ ዳዶ በአሜሪካ ሲሊንደር ላይ ላላ ብሎም ቢሆን ይጠመዘዛል፣ የጠበቀም ይመስላል፤ ከ50 ባር በላይ ግፊት ሲያርፍበት ግን ሊወረወር ይችላል።

የቶርኖ ቤቱን ሐሳብ በምንም ዓይነት አይከተሉ። ክሩን በዚያ ልዩነት ማስፋት ከጥርሱ ቁመት ከሲሶ በላይ መላጨት ማለት ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በአንድ በኩል 21.8፣ በሌላ በኩል 320 የሆነ አዳፕተር አለ፤ ክብደቱ ጥቂት ግራም ስለሆነ ማንም መንገደኛ በኪሱ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ሲገጥሙት ጠፍጣፋውን ጋስኬት እንዳይረሱ። ክሩ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ግን አያስፈልግም፤ በዚህ መገጣጠሚያ ጋዙን የሚዘጋው ጋስኬቱ እንጂ ክሩ አይደለም፤ ቴፍሎኑ ዳዶው በትክክል መቀመጡን ከመሸፈን በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

እሳት ማጥፊያውን በተመለከተ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ በውስጡ እስከ ታች የሚወርድ ቱቦ አለው። ሲጨበጥ ፈሳሹን ከሥር እየሳበ እንዲተፋ ነው የተሠራው። ሬጉሌተር ደግሞ ከላይ ያለውን ጋዝ እንጂ ፈሳሹን አይችልም፤ ፈሳሽ ከገባበት በቅጽበት እየተነነ ስለሚቀዘቅዝ የውስጥ ላስቲኮቹ ይጎዳሉ፣ ግፊቱም ከቁጥጥር ይወጣል። የእርስዎም ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ፣ ከጠረጴዛው እግር ጋር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ማሰሪያ ታስሮ መቀመጥ ያለበት በዚሁ ምክንያትና እንዳይወድቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሙሉ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል በጌጅ ሊያረጋግጡት አይችሉም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ ነው፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር ያህል ይሆናል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ቢሆን፣ ግማሽ ቢሆን፣ ያው 57። ጌጁ መውረድ የሚጀምረው ፈሳሹ አልቆ ጋዝ ብቻ ሲቀር ነው፤ በባለ 2 ኪሎ ሲሊንደር ያን ጊዜ የሚቀረው ወደ ግማሽ ኪሎ ነው። ስለዚህ የሚታመነው ሚዛን ነው። በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ የባዶው ክብደት ተመትቶ ያገኙታል፤ ከጎኑም የመጨረሻው የግፊት ፍተሻ የተደረገበት ዓመት አለ። እኛ ጋ ፍተሻው በየ10 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን አንሞላም።

አረንጓዴ ገንዳ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ጋዙ ዓለም በደህና መጡ። ስለ ክሩ ከላይ የተባለው በቂ ስለሆነ ወደ መብራቱ ልሂድ፤ በዚህ ከተማ ሲስተሙን የሚያበላሸው እሱ ነውና።

የሶሌኖይዱን መለያ ያንብቡ። በ12 ቮልት የሚሠራና ባትሪ መሙያ የመሰለ መሰኪያ ያለው ከሆነ፣ መሰኪያው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለ ሶኬቱን ብቻ ቀይረው ይጠቀሙበት። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ግን በእኛ 220 ላይ ሲሰኩት ጥቅልሉ ወዲያው ይቃጠላል። ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃዋል፤ በእኛ 50 ኸርዝ ትንሽ ይበልጥ ስለሚሞቅ ግን የመጀመሪያውን ቀን በእጅዎ እየነኩ ይከታተሉት።

ሶሌኖይዱ መብራት ሲጠፋ ራሱ ይዘጋል፤ ይህ መልካም ነው። ጉዱ ያለው ታይመሩ ላይ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የመብራቴ ታይመር ዲጂታል፣ የጋዙ ደግሞ ያ በጥርስ የሚዞረው ነበር። ጋዙ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ምሽት 3 ሰዓት እንዲዘጋ አድርጌው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ታይመሩ በድምሩ 9 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ፤ እኔ ልብ አላልኩትም። ጋዙ ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ላይ እየተከፈተ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይፈስ ነበር፤ ያውም ዕፅዋቱ ጨለማ ውስጥ ሆነው ጋዙን በማይጠቀሙበት፣ እንዲያውም እነሱም እንደ ዓሣዎቹ ኦክስጅን በሚወስዱበት ሰዓት። ጠዋት ሽፋኑን ሳነሣ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው ፊት ለጥፈው ይተነፍሱ ነበር፤ 11 ኒዮኖች ግን አፈሩ ላይ ነጭ ሆነው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ብቻ ነው የምጠቀመው። መብራቱ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ይበራል፤ ጋዙ ከመብራቱ በፊት በአንድ ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ ከመዘጋቱ በፊትም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቆማል።

ቱቦውን በተመለከተ፣ ለአየር ፓምፕ የሚሸጠውን ለስላሳ ሲሊኮን ይተዉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግድግዳው ዘልቆ ይወጣል። የኮምፕረሰር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ውጩ 6፣ ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊዩሬቴን ቱቦ በሜትር ይገኛል። ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ከአረፋ መቁጠሪያው (ጋዙ በውሃ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሲያልፍ ከሚታይበት ትንሽ ዕቃ) በፊት መግባት አለበት፤ እሱ ከሌለ ጋዙ በተዘጋ ጊዜ ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ ሶሌኖይዱን ይገድለዋል።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው፦ ኒድል ቫልቩ ዝግ፣ የሬጉሌተሩ መቆጣጠሪያም ወደ ኋላ ተፈትቶ ላላ ሆኖ፣ እርስዎ ከጌጁ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆመው የሲሊንደሩን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከዚያ የሥራ ግፊቱን ወደ 2 ባር ያምጡት፤ ጋዙን የሚበትነው ሴራሚክ ያን ያህል ግፊት ይፈልጋል። ሶሌኖይዱን ሰክተው ኒድል ቫልቩን በጣት ጫፍ፣ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ፍለጋ፣ እየነኩ ይጠብቁ፤ አረፋው ለመስተካከል ደቂቃዎች ይወስድበታል። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀቡ። በሴኮንድ 1 አረፋ ይጀምሩና በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ይጨምሩ፤ የሚጨምሩበት ቀን ቤት የሚውሉበት ይሁን። ሴራሚኩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አልጌ ሲይዘው በውሃ በተበረዘ በረኪና ዘፍዝፈው፣ እጅግ አድርገው አለቅልቀው ይመልሱት።

መጠኑን በተመለከተ በየቦታው 30 ሚሊ ግራም በሊትር ሲባል ይሰማሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ከተሞች ነው፤ በእኛ ከፍታ የቀለም መለኪያው (ገንዳው ውስጥ ሆኖ እንደ ጋዙ መጠን ቀለሙን የሚለውጥ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ዕቃ) አረንጓዴ ሲሆን ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ በሩብ ያንሳል።

ኒዮን120 (አዲስ አበባ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በካሊፐር ለካሁት፤ 21.7 ነው፤ ስለዚህ ክሩ የአውሮፓው መሆኑ ነው። አዳፕተሩን የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። የሶሌኖይዱ መለያ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ ሳላነበው ልሰካው እንደነበር ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል። ሲሊንደሩ ትከሻ ላይ 5.1 የሚል ተመትቶበታል፤ ሰፈራችን ያለ ወፍጮ ቤት ወስጄ ሳስመዝነው 5.8 ኪሎ ሆነ። «ሙሉ» የተባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው እንግዲህ 700 ግራም ነው!

ውሃውንም ለካሁ፤ የካርቦኔት ጥንካሬው (በውሃው ውስጥ ያለው የባይካርቦኔት መጠን) 5 የጀርመን ዲግሪ፣ ፒ ኤች (የአሲድነት ልኬቱ) ደግሞ እርሾው ከቆመ በኋላ 7.7 ነው። ይህ ለጋዙ የሚሆን ነው?

የኬሚስትሪ መምህር (ሐዋሳ)

እንደምን ዋላችሁ። በቅድሚያ አንድ ማስተካከያ ይፈቀድልኝ፤ የአረንጓዴ ገንዳን ምክር ባከብረውም፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ትክክል አይደለም። የቀለም መለኪያው የሚያነበው ከውሃው ወጥቶ በትንሿ የአየር ክፍተት በኩል ወደ ፈሳሹ የሚሻገረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስለሆነ፣ በከተማው ላይ ያለው የአየር ክብደት አይለውጠውም፤ በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም፣ በጂቡቲም አረንጓዴ ያው አረንጓዴ ነው። ከፍታ የሚለውጠው ኦክስጅኑን ነው። በባሕር ወለል ላይ በ25 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚያንስ የሚይዘው ከ6.5 በታች ነው። ለዚህ ነው በውጭ አገር ሰዎች 30 አልፈው 40 ሲያደርሱ ዓሣቸው ዝም ሲል፣ እኛ ዘንድ ግን ቀድሞ የሚጨነቀው። ስለዚህ አረንጓዴ ገንዳ በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ ጥንቃቄ ላይ ደርሷል፤ ቁጥሩን ሳይሆን የውሃውን ፊት ያስተካክሉ። የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ፊት በቀስታ እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ፤ ሌሊት ደግሞ ጋዙ ሲዘጋ የአየር ፓምፕ እንዲነሣ ያድርጉ።

አሁን ወደ ውሃዎ። በካርቦኔት ጥንካሬና በፒ ኤች መካከል የታወቀ ዝምድና አለ፦ ጥንካሬውን በ3 አባዝተው፣ ፒ ኤች ከ7 የሚርቅበትን ያህል በ10 እጥፍ ስሌት ሲያስተካክሉት የተሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። በእርስዎ ውሃ 7.7 ላይ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል፤ ፒ ኤች ወደ 6.7 ሲወርድ 30 ይሆናል። አንድ ሙሉ ነጥብ ማውረድ ጋዙን አሥር እጥፍ ማድረግ ነው። ለጀማሪና ለእርስዎ ከፍታ ግን መጀመሪያ 6.9 ላይ ቆመው አንድ ሳምንት ዓሣዎቹን ይመልከቱ፤ ያ ወደ 19 ሚሊ ግራም ነው። ገንዳው ውስጥ እንጨት ካለ ወይም ፎስፌት ያለው ማዳበሪያ ከጨመሩ ስሌቱ ይዛባል፤ የቀለም መለኪያው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በውስጡ የሚገባው የገንዳው ውሃ ሳይሆን ጥንካሬው የታወቀ ውሃ ነውና።

ያንን ውሃ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። 1.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በወርቅ ቤት ሚዛን ይመዝኑና በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙት፤ ከእሱ 100 ሚሊ ሊትር ወስደው በ900 የተጣራ ውሃ ሲቀጥኑት 4 ዲግሪ ጥንካሬ ያገኛሉ። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው መውሰድ ይቻላል፤ ያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ስለሚቀመጥ ጠርሙሱን ደግመው ያንብቡ። ብሮሞታይሞል ብሉ ከሚባለው፣ እንደ አሲድነቱ ከሚለዋወጥ ቀለም፣ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩበት። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ ያንሳል፣ አረንጓዴ ከሆነ ወደ 30 ደርሷል፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። ቀለሙ ከውሃው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ዓሣው እየተነፈሰ አፉን ወደ ላይ ካወጣ ቀለሙን አይጠብቁ።

ለእናትዎ የሚሰጡት መልስ እንዲህ ቢሆን። ከሰል የሚገድለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ይህ ሌላ ጋዝ ነው። አንድ ሰው በቀን ወደ 1 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትንፋሹ ያወጣል፤ ገንዳው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚለቀው፤ ስለዚህ በዘወትር አሠራሩ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ ቢለቅ ነው። ሳሎንዎ 3 በ4 ሜትር፣ ጣሪያው 2.6 ቢሆንና ሙሉ 2 ኪሎ ቢለቀቅ፣ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ወደ 1.4 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሆናል፤ ያም ከክፍሉ አየር 4.6 በመቶ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት መመሪያ 4 በመቶ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚከማቸው ወለሉ ላይ፣ ፍራሽ በሚዘረጋበት ከፍታ ነው። እኔ ብሆን ሲሊንደሩን በረንዳ ላይ፣ ከፀሐይ ተከልሎ አቆመውና ቱቦውን በግድግዳው አስገባለሁ። 2 ሜትር ቱቦ ቢጨመር ጋዙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

አንድ የግል አስተያየት ደግሞ። አኑቢያስና ክሪፕቶኮሪን ያለዚህ ሁሉ ዕቃ ይኖራሉ። ሞንቴ ካርሎ ነው የሚጠይቀው። ጋዙን በአንድ ቀን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ እያደረጉ ከሚያቆዩት ደግሞ ባይጀምሩት ይሻላል፤ ጥቁሩ ፂም መሰል አልጌ የሚወደው እንዲህ ያለውን መዋዠቅ ነው።

አረንጓዴ ገንዳ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን በሩብ እየቀነስኩ ኖሬአለሁ። ኒዮን120፣ ለመሙላት ሲሄዱ ጋዙ ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ፤ ከሻጩ ጋር ስለ 700 ግራሙ መነጋገርዎንም አይርሱ።

ኒዮን120 (አዲስ አበባ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ልጻፍ። አዳፕተሩ ደርሶ ተገጠመ፤ ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ነው፤ እናቴ «ውጭ ከሆነስ ግድ የለም» ብለዋል። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሶሌኖይዱ አልጋለም። በሴኮንድ 2 አረፋ ላይ ነኝ፤ ጋዙ ከተከፈተ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፒ ኤች 6.9 ይሆናል፤ ቀለሙ አሁንም ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሮታላው ቅጠል ላይ ጥቃቅን የኦክስጅን አረፋ ተደርድሮ ይታያል፤ ሞንቴ ካርሎውም ከሥሩ ወደ ጎን ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ አውጥቷል።

የሳሙናውን ምክር ግን በመጀመሪያው ቀን በችኮላ ዘልዬው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስመዝን ሲሊንደሩ 5.6 ሆኖ ስላገኘሁት ደንግጬ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ፤ አረፋ መቁጠሪያው ሥር፣ ከመርፌ ቀዳዳ በማይበልጥ ቦታ፣ ሳሙናው ቀስ እያለ ይነፋ ነበር። ፈትቼ ላስቲኩን ቀየርኩት። ትናንት ወፍጮ ቤት መልሼ ስወስደው አሁንም 5.6 ነው፤ ጌጁ ግን፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ይወርዳል እንደተባለው፣ ከ56 ወደ 52 ባር ወርዷል።